ለእኔ ብለሽ እንዳትይ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ እማዋይሽ ይመር የተማሪ ሹራቧን ትለብሳለች። ሹራቡ ሰማያዊ ነው፤ ክርኑ ላይ ሁለት ጊዜ ተጥፏል። ከሹራቡ ጋር የሚሄደውን ቀሚስ ታደርጋለች፣ ጫማዋን በጥቁር ሸራ ጫማ ትቀይራለች፣ ከዚያ ረጅሙን ኮሪደር ይዛ ሄዳ አራተኛው በር ጋ ትቆማለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሰባት ነው። በሩ ላይ የዕለቱ ካርድ ይጠብቃታል።

«ዕድሜ አሥራ ሁለት። ቁርስ አልበላችም። ታላቅ ወንድሟ ይስቅባታል። ኮምፒውተር ትፈራለች።»

ካርዱን አንብባ ኪሷ ትከታለች፣ ትከሻዋን ትንሽ ትሰበስባለች፣ ትገባለች። ከዚያ በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ወንበሩ ለልጅ ልክ የተሠራ ስለሆነ ከምሳ በኋላ ጉልበቷ ይይዛታል፤ ስለ ጉልበት ግን ካርዱ የሚለው ነገር የለም።

በሁለት ሺህ ስድሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ኮምቦልቻ ዳር የሚገኘው ማዕከል ለሴት ተማሪዎች ቴክኖሎጂ የሚያስተምሩ አሰልጣኞችን ያሰለጥናል። አሰልጣኞቹ ሰዎች የነበሩበት ጊዜ አልፏል። አሰልጣኝ ማለት አሁን ድምፅ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚንቀሳቀሱ ሁለት ቀጫጭን እጆች፣ ልጅቷን ከላይ የሚያይ አንድ ዓይን ነው። ድምፁ የሴት ስለሆነ ልጆቹ «ቲቸር» እያሉ እንደ ሴት ያናግሩታል። ቲቸር ኮድ መጻፉን፣ ሽቦ ማገናኘቱን፣ የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ መጠገኑን ሥራ ከመጀመሯ በፊት ታውቀዋለች። የማታውቀው ልጅን ነው። ልጅን የምትማረው ከእማዋይሽ ነው። ዘጠኝ ቀን ፊት ለፊቷ ሆና ታስተምራታለች፣ ትሳሳታለች፣ ትታረማለች። በአሥረኛው ቀን ትባዛና በየአውራጃው ላሉ ልጆች ትከፋፈላለች፤ እማዋይሽ ፊት ሌላ አዲስ ቲቸር ትቀመጣለች።

ልጆቹ የሚማሩት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ክፍል ነው። እያንዳንዷ የራሷ ቲቸር አላት፤ በራሷ ፍጥነት ትሄዳለች፤ የምትቀድማትም የምትጠብቃትም የለችም። የዕረፍት ሰዓትም በየተራ ነው። ትልቅ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ እንኳ ሁለት ልጅ አብሮ አይታይም። ውጤቱ ከዓመት ዓመት እያማረ ስለሄደ ማንም ቅሬታ አላቀረበም።

ድሮ በማዕከሉ አሥራ አንድ «ተማሪዎች» ነበሩ። አሥራ አንድ ጎልማሳ ሴቶች ሰማያዊ ሹራብ ለብሰው አንድ የምሳ ጠረጴዛ ሲከቡ ያየ እንግዳ ሳቁን መቆጣጠር አይችልም ነበር። እነሱም አይችሉም። ዘነቡ የምትባለው ሁልጊዜ ደፋሯን ልጅ ትሆናለች፤ ቲቸሯን በጥያቄ አፋጥጣ መውጫ ታሳጣትና ምሳ ላይ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እያለች ትፎክራለች። አሚናት ደግሞ የሰነፏን ካርድ ማንም አይወስድብኝ ባይ ነበረች። «እኔ እኮ ትወና የለብኝም፣ ተፈጥሮዬ ነው» ትላለች። አንድ በአንድ ጡረታ ወጡ። በምትካቸው ሰው አልተቀጠረም፤ ማዕከሉ አጥንቶ አንድ ተማሪ በቂ ናት አለ። ካለፉት ስድስት ዓመታት ወዲህ እማዋይሽ ምሳዋን የምትበላው ሹራቧን እንደለበሰች፣ ብቻዋን ነው። ካርዱ ደፋር ቢል፣ ሰነፍ ቢል፣ ኩሩ ቢል፣ ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው ያችው እማዋይሽ ናት። ሌላ ልጅ ከየት ታምጣ?

የእሷ ልጅነት ደግሞ ይህን ይመስላል። ወረኢሉ፣ ሰባተኛ ክፍል። ትምህርት ቤቱ ስድስት ኮምፒውተር ነበረው፣ ሁለቱ አይሠሩም። ወንዶቹ ወንበር ይይዛሉ፤ ሴቶቹ ከኋላ ቆመው በትከሻ ላይ ያያሉ። መምህሩ «እማዋይሽ፣ ገባሽ?» ሲላት የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቷ ጫፍ ትስብና «ገባኝ ቲቸር» ትላለች። አልገባትም። ግን ሰውየው ደክሞታል፣ ክፍሉ ሙሉ ይጠብቃል፣ ትልቅ ሰው ማድከም ነውር ነው። እናቷም «ዝም አይነቅዝም» ብላ ነው ያሳደገቻት። አራት ዓመት ሙሉ ገባኝ አለች። ከዚያ ፈተና መጣና ያልገባት ሁሉ በአንድ ጠዋት ታወቀ፤ መዝገቡ ላይ «አልቻለችም» ተብሎ ተጻፈ፣ ነገሩም በዚያው አበቃ።

ስለዚህ እዚህ ሥራ ስትገባ ለመጀመሪያዋ ቲቸር ያስተማረቻት ይህንኑ ነው። ልጅቷ እጅጌዋን እየሳበች ገባኝ ካለችሽ አትቀበያት። ዝም በይና እስከ አሥር ቁጠሪ። ከዚያ «እውነት? ለእኔ ብለሽ እንዳትይ» በያት። ቲቸሯ እንዴት እንደሚባል ስላላወቀች እማዋይሽ ራሷ ብላ አሳየቻት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እውነት» የሚለውን ትንሽ ጎተት አድርጋ። ለእሷ እንዲህ ያላት ሰው ኖሮ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ በሃያ አራት ዓመት ውስጥ በእጇ ያለፉት ቲቸሮች ሁሉ ይችን ጥያቄ ይዘው ነው የወጡት። ባልም ልጅም የላትም፤ ለዓለም ያበረከትኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው ብላ ታምናለች፣ ብታምንም አልተሳሳተችም።

በግንቦት ወር አንድ ማክሰኞ የጥራት ክፍል ኃላፊው መንበሩ በአካል መጣ። መንበሩ ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሞላው ትሑት ሰው ነው፤ ሌላ ጊዜ የሚያነጋግራት በስክሪን ስለሆነ በእግሩ መምጣቱ ብቻውን አስደነገጣት።

«እትዬ፣ ይቀመጡ እስቲ።»

«ስቀመጥ ነው የምውለው ልጄ። ተወኝ ትንሽ ልቁምበት።»

«ጂንካ ያሉ ልጆች እጅጌያቸውን ይስባሉ» አለ።

«ይሳቡ፣ ምን ቸገረህ?»

«ጎዴም ይስባሉ። ጎዴ እኮ ሙቀት ነው፣ አጭር እጅጌ ነው የሚለብሱት። የሌለ እጅጌ ነው የሚስቡት፣ እንዲህ።» በአንድ እጁ የሌላውን አንጓ ይዞ ወደ ጣቶቹ አንሸራተተ። «ሦስት መቶ ሺህ ልጅ፣ በየትምህርቱ። ገባኝ ትላለች፣ ትስባለች፣ ቲቸር ትቆማለች፣ ትጠይቃታለች። ልጅቷ ትንሽ ተሳስታ ትመልሳለች። ከዚያ እንደገና ይጀመራል።»

«አልገባቸውማ!»

«ወይ አልገባቸውም፣ ወይ ገብቷቸዋል። ካልገባቸው መጠየቁ ይቀጥላል፣ ትምህርቱን አፍርሰን እንሠራዋለን። ከገባቸው ግን መጠየቁ ጊዜ ከማባከን በስተቀር ትርፍ የለውም። ከሁሉም ቲቸር ይነሳል፣ በአንድ ቀን።»

እማዋይሽ ቁጭ አለች። «ፈትናችሁ አትለዩም?»

«ፈተናውንም ይስታሉ። ሳያውቁ ይሁን እያወቁ ማሽኑ አይለይልንም። ሰው ነው የቸገረን፣ እትዬ። እርስዎ ደግሞ ...»

«እኔ ደግሞ ሳይገባኝ አራት ዓመት ገባኝ ስል የኖርኩ ነኝ።»

«አዎ» አለ መንበሩ አፍሮ። «እኔም እሱን ነው የነገርኳቸው።»

ከባቲ አንዲት ልጅ እንደምትመጣ ነገራት። ነጂባ እንድሪስ፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ስምንተኛው ትምህርት ላይ ቆማለች፤ የሌሎቹም ጉዳይ በእሷ ይፈረዳል። እማዋይሽ አጠገቧ ተቀምጣ ታይና አንድ ቃል ትሰጣለች። «ገብቷታል» ካለች ልጅቷ በመስከረም ደሴ ኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ መጠየቁም ከየቦታው ይነሳል። «አልገባትም» ካለች መጠየቁ ይቆያል፣ ልጅቷ ግን ወደ ዝቅተኛው ክፍል ትወርዳለች፤ ከዚያ ተመልሳ የወጣች እስካሁን የለችም።

እማዋይሽ ለጥያቄዋ ፈራች። ፍርሃቷን ግን ደስታዋ በለጠው። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ አንዲት እውነተኛ ተማሪ በሥራዋ ላይ አይታ አታውቅም፤ ደንቡ አይፈቅድም። በቀጠሮው ቀን ሹራቧን እንዳትለብስ ስለተነገራት ሰርግ እንደተጠራ ሰው የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ሄደች።

ነጂባ ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ልጅ ነበረች። «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደሩ» አለች ቃል በቃል፣ ቲቸር እንደምትለው። ሌላ ሰው ባለበት ክፍል መቀመጥ ስላልለመደች ወንበሯን አንስታ ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች። እማዋይሽ ወንበሯን ይዛ አጠገቧ ሄደችና እሷም ወደ ግድግዳው ዞራ ተቀመጠች።

ቲቸር ጀመረች። ጠረጴዛው ላይ የተበላሸ የፓምፕ መቆጣጠሪያ ነበር፤ ጋኑ ባዶ ሆኖ ሳለ «ሙሉ ነው» እያለ ፓምፑን ያጠፋል። ሁለቱ እጆች ቦርዱን ገለበጡ፤ ድምፁ የውኃውን ልክ የሚያየው ሴንሰር ምን እንደሚሠራ፣ የትኛው ሽቦ ምን እንደሚያመጣ ማስረዳት ያዘ። ማብራሪያው ገና ሳያልቅ የነጂባ የግራ እጅ ሌባ ጣት ከቦታው የለቀቀው ቀጭን ሽቦ ላይ ሄዳ አረፈች። እማዋይሽ አየች። ከዚያ ነጂባ ጣቷን አነሳች፣ እጅጌዋን ሳበች።

«ገባኝ ቲቸር።»

ቲቸር ዝም አለች። እማዋይሽ በልቧ እስከ አሥር ቆጠረች።

«እውነት? ለእኔ ብለሽ እንዳትይ።»

የገዛ ድምፅዋን መስማት አሳፈራት። ነገር ግን የልጅቷን ፊት ስታይ ኃፍረቷን ረሳችው። ነጂባ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ብርድ ውስጥ ቆይቶ ፀሐይ ጀርባው ላይ ያረፈችለት ሰው ይመስል ነበር ፊቷ።

«ትንሽ ይቀረኛል ቲቸር» አለችና ሌላ ሽቦ፣ ጤነኛውን፣ አሳየች።

እማዋይሽ አራት ዓመት ያልገባት ልጅ ነበረች፤ ያልገባው ሰው ጣት የት እንደሚያርፍ ታውቃለች። የትም አያርፍም። ቲቸሯን አስቆመችና ከመስታወቱ ወዲያ ለቆመው መንበሩ አሥር ደቂቃ እንዲሰጣት በእጇ ነገረችው።

«ነጂባ፣ መቼ ነው የገባሽ?»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች።

«አብሽሪ፣ አልቆጣሽም።»

«ኅዳር ላይ።»

«አሁን እኮ ግንቦት ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የኔ እናት?»

«ቲቸር ሁሉን ነገር ትነግረኛለች። እጅሽ እዚህ፣ ዓይንሽ እዚህ። ቤትም እንደዚያው ነው። እማ ፋብሪካ ናት፣ በፈረቃ። ምሳሽን ብዪ የሚለኝ በሩ ነው። እሷን ስትለኝ ግን ...»

«ምኗን?»

«ለእኔ ብለሽ እንዳትይ የምትለዋን። እሷን ስትል ድምፅዋ ሌላ ነው። ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች፣ ከዚያ ትጠይቀኛለች። ወላሂ ሌላ ምንም አላጠፋሁም።»

«ሌሎቹም ልጆች እንዲህ ነው የሚያደርጉት?»

«ሌሎቹን አላውቃቸውም» አለች ነጂባ።

ሦስት መቶ ሺህ ልጅ፣ አንዷ ሌላዋን ሳታውቅ፣ በየክፍሏ ተዘግታ ይችኑ ብልሃት ለየብቻ አግኝታዋለች። የእማዋይሽ ልብ በኀዘን ተሞላ፤ ከኀዘኑ ሥር ደግሞ የማይገባት ኩራት ነበር።

ልጅቷ ድንገት ቀና አለች። ፊቷን ሳትሰውር ሰው ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። «እርስዎ ነዎት እንዴ? ድምፁ የእርስዎ ነው።»

«እኔ ነኝ።»

«በሉት እስቲ።»

እማዋይሽ አለችው። ነጂባ አፏን በሻሿ ጫፍ ይዛ ሳቀች፣ እማዋይሽም ሳቀች። የቀረው ጊዜ ሰባት ደቂቃ ነበር፤ እማዋይሽ ሰባቱንም ደቂቃ ስትጠይቅ ፈጀችው። ቁርስ ምን በላሽ፣ እናትሽ ስሟ ማነው፣ ሻሹን ማን አሰረልሽ፣ የባቲ የሰኞ ገበያ አሁንም ይቆማል ወይ፣ በሕልምሽ ምን ታያለሽ። ነጂባ መጀመሪያ በአንድ ቃል፣ ኋላ በሁለት፣ በመጨረሻ ትንፋሽ እስኪያጥራት መለሰች። ግመል በሕልሟ እንደምታይ፣ ግመሉም እንደሚያወራ፣ የሚያወራው ግን ሁልጊዜ ስለ ራሱ እንደሆነ ነገረቻት።

በሩ ተከፈተ። መንበሩ ቅጹን ይዞ ገባ። «ምን ልሙላ እትዬ?»

«መንበሩ፣ ነገሩ የመግባት ያለመግባት አይደለም። ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው። የሚጠይቃቸው ሰው አጥተው ነው።»

ቅጹን አየ። «እዚህ ላይ ሁለት ቦታ ነው ያለው።»

«ሦስተኛ ጨምርበት።»

«ለመጨመር ማመልከቻ ይገባል። የሚታየው መስከረም ነው። እኔ ዛሬ መላክ የምችለው ወይ ይሄን ወይ ያንን ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የእኔም ልጅ ትስባለች፣ እትዬ።»

«ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

መንበሩ ብዕሩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

አንዲት ቃል ናት። «አልገባትም» ብትል ሦስት መቶ ሺህ ልጅ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ትጠየቃለች። የምትወርደው አንዲት ናት። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ባላመነታ ነበር። እማዋይሽ ግን ሒሳብ አልሆነላትም። መዝገብ ላይ «አልቻለችም» ተብሎ ተጽፎ መኖር ምን እንደሆነ የምታውቅ ሴት፣ የቻለች ልጅ አጠገቧ ተቀምጣ እያየቻት፣ ያንን ቃል በገዛ አፏ ማውጣት አልቻለችም።

«ገብቷታል» አለች። «ከኅዳር ጀምሮ።»

መንበሩ ጻፈና ወጣ።

ነጂባ ቦርሳዋን አነሳች። «ደሴ ያለችው ቲቸር ትጠይቀኛለች?»

ልጅን የሚያስደስት ውሸት እማዋይሽ አፍ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። «አትጠይቅሽም።»

«ታዲያ ለምን ነገሯቸው?»

«አውቀሽ ሳለ አታውቅም ተብለሽ እንዳትቀሪ ብዬ ነው።»

ልጅቷ ይህን አልተቀበለችም፤ አሥራ ሦስት ዓመት ይህን የመቀበያ ዕድሜም አይደለም። ወንበሩን ወደነበረበት መልሳ ሳትሰናበት ወጣች። እማዋይሽ ተነስታ በሩ ድረስ ተከተለቻትና «ጠያቂ አያሳጣሽ የኔ ልጅ!» ብላ ጮኸች። በሩ ድምፅ የማያሳልፍ ስለሆነ መስማቷን አላወቀችም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጠየቁ ከሁሉም ቲቸር ተነሳ። እማዋይሽ ማመልከቻውን በዚያው ቀን አስገባች፤ የደረሰኝ ቁጥር ተሰጣት። የነጂባን አድራሻ ብትጠይቅ ደንቡ እንደማይፈቅድ ተነገራት። አንድ ሰኞ ወደ ባቲ ወርዳ ገበያው ውስጥ እስከ ምሳ ሰዓት ቆመች። ከተማዋ በጣም ሰፍታለች፣ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ልጅም አንድ ብቻ አይደለችም። በማግስቱ ወደ ሥራ ተመለሰች።

ሹራቧን ለበሰች፣ ኮሪደሩን ሄደች፣ አራተኛው በር ላይ ካርዷን አነበበች። «ዕድሜ አሥራ ሦስት። ብርቱ። ትምህርት ትወዳለች።» አዲሷ ቲቸር የመጀመሪያ ቀኗ ነበር። ቦርዱን ገልብጣ የሽቦዎቹን አሠራር አስረዳች፤ ማብራሪያዋ ንጹሕ ነበር፣ እንከን የለውም።

እማዋይሽ እጅጌዋን ሳበች። «ገባኝ ቲቸር።»

«በጣም ጥሩ። ወደሚቀጥለው እንሂድ» አለች ቲቸር፣ ሄደችም።

እማዋይሽ የሚቀጥለውንም ሰማች፣ ገባኝ አለች። ሦስተኛውንም። አራተኛው ላይ ቆመች። በሃምሳ ሰባት ዓመቷ፣ በትምህርት ቤት ሳለች አንድም ቀን ያላወጣችውን ቃል አወጣች።

«አልገባኝም።»

ቲቸር ምንም ሳትሰለች በሌላ መንገድ አስረዳች፣ በሥዕል። «አልገባኝም» አለች እማዋይሽ። ቲቸር በምሳሌ አስረዳች። «አልገባኝም።» ቲቸር ሽቦውን ነቅላ፣ መልሳ ተክላ፣ እጇን በእጇ ይዛ አሳየቻት። እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ አራት ጊዜ አልገባኝም አለች፤ ቲቸርም አሥራ አራት ጊዜ፣ አንዱን ከሌላው ሳትደግም፣ አስረዳች። ምን ሆነሽ ነው አላለቻትም።

በመጀመሪያው ገብቷት ነበር።